የልብን የደም ፍሰት በድምፅ ስለ ማየት፤ የኢኮ ምርመራ ታሪክ ከጋሞ ደጋ ሲታይ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የተማረ፥ ከጨንቻ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ የመጣ ልጅ ነበር። በትምህርቱ ከማንም አያንስም፤ ነገር ግን ወንዝ ወርደን ውሃ ቀድተን ስንመለስ ዳገቱ መካከል ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ይቀመጣል። የአትክልት ሥራ ሰዓት ሲደርስም ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ መምህር «ሰነፍ» አሉት፤ እኛ ደግሞ «ሽማግሌው» የሚል ስም አወጣንለትና ሁሉም በዚያ ስም ጠራው። ዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ጋደም ማለት ስላልቻለ በማለዳ ወደ ክሊኒክ ተወሰደ። ነርሷ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠችና «ልቡ ያፏጫል» አለች። ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ፥ ከአርባ ምንጭም ኢኮ እንዲነሣ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

እናቱ አማርኛ ስለማይችሉ እኛ አስታማሚም አስተርጓሚም ሆነን አብረን ሄድን። ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚተዳደር የአጎቱ ልጅ ቤት አደርን። በማግሥቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ቅባት የተቀባውን መሣሪያ ደረቱ ላይ ሲያደርጉ የጓደኛችን ልብ በስክሪኑ ላይ ታየ። ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ደሙ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተለይቶ መጣ፤ ልቡም በተኰማተረ ቍጥር የተዘበራረቀ ቀለም ያለው ነበልባል የመሰለ ነገር ወደ ላይኛው ክፍል ተመልሶ ይወረወር ነበር። «እማማ፥ ይኸ በር አይገጥምም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል» አሉ። ይህን ወደ ጋሞኛ መለስንላቸው። እናትየው ምስሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሐኪሙም «ሕፃን ሳለ ጉሮሮውን ታሞ ያውቃል?» ብለው በጥያቄ መለሱላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ፥ እንደ ጓደኛችን ዳገት ላይ የሚቀመጡ ልጆችም ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ ስንፈልግ ቈይተናል። ከንባባችን ያገኘነውና ያልጠበቅነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ መሣሪያው በመጀመሪያ ልብ ላይ የተሞከረው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው በአውሮፓ ከሞላ ጐደል ሲጠፋ መሣሪያው ለሌላ ሥራ ዋለ፤ ወደ እኛ ሲደርስ ግን የተፈጠረለትን በሽታ እንዳለ አገኘው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በሽታው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ጀርም በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ ያሳምማል፤ ሕመሙ በጥቂት ቀን ይተዋል። ከልጆቹ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ጀርሙን ሊወጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ዞሮ የራሱን ልብ ይወጋል። ይህ ሲደጋገም የልብ በሮች ይጠነክራሉ፥ ይኰማተራሉ፥ ጫፍና ጫፋቸው ይጣበቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠቃው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ሚትራል የተባለው በር ነው። በሩ ወይ ይጠባል፥ ወይ ያፈስሳል፥ ወይም ሁለቱንም ይሆናል። ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቤት ጀርሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። በአገራችን በብዙ ቦታ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ የሚወሰደው ወደ እንጥል ቆራጭ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እንጥሉ ይቈረጣል፥ ልጁም ይሻለዋል፤ የሚሻለው ግን ያለ መቍረጥም ይሻለው ስለ ነበር ነው። ቢላዋው ጀርሙን አይነካውም።

አሁን ወደ ድምፁ ታሪክ እንለፍ። ክርስቲያን ዶፕለር የሳልዝቡርግ ተወላጅ ነው። በፕራግ ሲያስተምር በ1842 ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ዐሳቡ፥ ሞገድ የሚልክ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ ሞገዱ ይጠጋጋል፥ ሲርቅም ይራራቃል የሚል ነው። የሆላንዱ ሊቅ ቦይስ ባሎት በ1845 ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ ይህ ለድምፅ እውነት መሆኑን በጆሮ አስመሰከረ። ይህን ለማረጋገጥ ባቡር አያስፈልገንም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ዳር ቆሞ ክላክሱን ሳያቋርጥ የሚያልፍ ኢሱዙ የሰማ ሁሉ ድምፁ ሲመጣ ቀጭን፥ ካለፈ በኋላ ወፍራም እንደሚሆን ያውቃል። ዶፕለር በ1853 በቬኒስ በ49 ዓመቱ ሲሞት ዐሳቡ ለሰው ልብ ይጠቅማል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በኋላ በስዊድን ነው። በ1948 ቀዶ ሐኪሞች የጠበበውን ሚትራል በር መክፈት ጀምረው ነበር። ችግሩ ግን ከመክፈት በፊት ማወቅ ነበር። በሩ ጠቦ እንደ ሆነ መክፈቱ ያድናል፤ የሚያፈስስ እንደ ሆነ ግን ይበልጥ መክፈቱ ሰውየውን ይጐዳል። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የልብ ሐኪም የነበረው ኢንጌ ኤድለር በዚያ ዘመን የነበረው ምርመራ ሁለቱን ለመለየት አላረካውም። ካርል ሄልሙት ኸርትስ የተባለ ወጣት የፊዚክስ ምሁር አገኘ፤ ኸርትስም በመርከብ ፋብሪካ የብረትን ስንጥቅ በማይሰማ ድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ እንዳለ ያውቅ ነበር። በማልመ ከተማ ካለው የኮኩምስ መርከብ ፋብሪካ መሣሪያውን ለቅዳሜና እሑድ ተውሶ በገዛ ደረቱ ላይ ሞከረው፤ ከልቡም የሚንቀሳቀስ ማስተጋባት ተመለሰለት። ከዚህ በኋላ ሲመንስ ኩባንያ አንድ መሣሪያ አዋሳቸው፤ በ1953 ኦክቶበር 29 ቀን የልብን እንቅስቃሴ መዘገቡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ይበልጥ ያስደሰተን ሊቃውንቱ መሳሳታቸው ነው። ኤድለር ያን ትልቅ ማስተጋባት የሚልከው የልቡ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ነው ብሎ አስቦ ነበር። በበሽተኞቹ ላይ ግን የማስተጋባቱ መስመር በሩ ሲጠብ አዝጋሚ እየሆነ ስለ መጣ ምርመራው ያገለግል ጀመር። የድምፁን መንገድ በአስከሬን ምርመራ ተከትሎ ከተመለከተ በኋላ መስመሩ የሚትራል በር የፊተኛው መዝጊያ መሆኑን ተረዳ። መሣሪያው ማገልገል የጀመረው ምን እንደሚያሳይ በትክክል ከመታወቁ በፊት ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1977 የላስከር ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ የሉንዱ መሣሪያ የሚያሳየው በሩን እንጂ በበሩ የሚያልፈውን ደም አልነበረም። ደሙን ለማየት የዶፕለር ዐሳብ መመለስ ነበረበት። ይህን ያደረገው በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ሺጌኦ ሳቶሙራ ነው፤ በ1957 የልብን ሥራ በዶፕለር ስለ መመርመር ያሳተመው ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሳቶሙራም በ1960 ሞተ፤ የሥራውን ፍሬ አላየም። አሠራሩን ባጭሩ ለመግለጽ፥ በሴኮንድ 2.5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ልብ ይላካል። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ደም ሲመልሰው እርግብግቢቱ በ3,200 ያህል ይለወጣል። ይህ ልዩነት ደግሞ የሰው ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያው ድምፅ ሲከፈት ደሙ እንደ ነፋስ እየነፈሰ ሲያልፍ ይሰማል። የነርሷን ማዳመጫ የተካው መሣሪያም ራሱ ጆሮን አልተወም።

ፍጥነቱን ወደ ግፊት የለወጡት በትሮንዳይም፥ ኖርዌይ የነበሩት ሐኪሟ ሊቭ ሃትሌና መሐንዲሱ ቢዮርን አንገልሰን ናቸው። ውሃ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ እንደሚጨምር ቤርኑሊ በ1738 አሳትሞ ነበር። ቀደም ሲል ሌላው የኖርዌይ ሐኪም ሆለን በ1976 የጀመረውን ተከትለው እነ ሃትሌ ነገሩን በጣም አቃለሉት፤ የደሙን ፍጥነት በሜትር ወስደህ በራሱ አባዛው፥ ከዚያ በ4 አባዛው፤ በበሩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወጣል። ፍጥነቱ 2 ሜትር ቢሆን 16፥ 3 ሜትር ቢሆን 36 ነው። ይህ ልዩነት ቀድሞ የሚለካው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ልብ በማስገባት ነበር። በ1978 እና በ1979 ያወጧቸው ጽሑፎች በተለይ የጠበበውን ሚትራል በር የሚመለከቱ ናቸው፤ የበሩንም ስፋት ከግፊቱ የመውረጃ ጊዜ ለማስላት መንገድ አበጁ። ጤናማ በር ከ4 እስከ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ሐኪሞች ብርቱ ጥበት ይሉታል። ጓደኛችንን ለመመርመር ሐኪሙ በወረቀት ላይ የጻፉት ቍጥር ሁሉ ከትሮንዳይም የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀለሙ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጃፓን ነው። ቀይ ማለት ወደ መሣሪያው የሚመጣ፥ ሰማያዊ ማለት ከመሣሪያው የሚሸሽ ደም ነው። ቀዩ ንጹሕ ደም፥ ሰማያዊው የቈሸሸ ደም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ እኛም በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለእናትየው ይህንኑ ስሕተት ተርጕመንላቸዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የልብ በሽተኛን ከሕዝብ መካከል ፈልጎ የመቍጠር ሥራ ከኢኮ በፊት ተጀምሯል። ፓሪና ጎርደን የተባሉ ሐኪሞች በትንንሽ የራጅ ፎቶግራፍ ሕዝብን እየመረመሩ የልብ ሕሙማንን ስለ ማግኘት ያዘጋጁት ጥናት በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በ1968 ታትሟል። ራጅ ግን የሚያሳየው የልብን ጥላ ነው። ልብ ሲተልቅ ጥላው ይተልቃል፤ ልብ የሚተልቀውም በሽታው ብዙ ከሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ወደ ትምህርት ቤት ሄደው በዋናነት በማዳመጫ ጀመሩ። በ1992 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች 4.6፥ በ1999 የታተመው የአዲስ አበባው ደግሞ 6.4 የሚያህሉ ሕሙማን አገኘ። እነዚህ ቍጥሮች ለብዙ ጊዜ እንደ አገሪቱ መጠን ሲጠቀሱ ቈይተዋል።

በ2007 ግን አንድ ጽሑፍ ይህን ቈጠራ አናጋው። በሞዛምቢክ 2,170፥ በካምቦዲያ 3,677 ተማሪዎች በማዳመጫም በኢኮም ተመረመሩ። በሞዛምቢክ ጆሮ 5 ልጆች ሲያገኝ ኢኮ 66 አገኘ፤ በካምቦዲያ ጆሮ 8 ሲያገኝ ኢኮ 79 አገኘ። ዐሥር እጥፍ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት «የበሽታው መጠን» ይባል የነበረው የጆሮ መጠን እንጂ የበሽታው አልነበረም። ፊሽካው እስኪሰማ ድረስ ስንት ልጅ ዝም ባለ ልብ ሲሮጥ እንደ ነበረ አስቡት።

በአገራችንም ያንኑ አየን። በጅማ 2,000 ተማሪዎች በኢኮ ታይተው በ2015 የታተመው ውጤት ከ1,000 ሠላሳ ያህል ነው፤ አብሮ የተጠናው የደቡብ አፍሪካው 20 ገደማ ነበር። በ2016 በተለያዩ የኢትዮጵያ ቦታዎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎችን ያየ ሌላ ጥናት 19 አገኘ። በ2017 የታተመው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ገጠር ማኅበረ ሰብ ሄዶ ከ6 እስከ 25 ዓመት ያሉ 987 ሰዎችን መረመረ፤ 37ቱ የተረጋገጠ በሽታ፥ ሌሎች 19 ደግሞ አጠራጣሪ ምልክት ተገኘባቸው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀናል። ምክንያቱም ዳገት መውጣት ያቃተው ልጅ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ከተማሪዎች መካከል የሚቈጥር ሰው ትምህርቱን የተወውን አይቈጥረውም። የዕድሜውም ክልል የተለያየ ስለ ሆነ ሦስቱን ቍጥሮች በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

አንድ ተቃውሞ አለ፥ እርሱም ቀላል አይደለም። በጤነኛ ልጅ ልብ ውስጥም በሩ ሲዘጋ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቀለሙን ያየ ሁሉ «በሽታ ነው» ቢል ጤነኛውን በሽተኛ ያደርጋል። ስለዚህ የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2012 መለኪያ አወጣ፤ በሚትራል በር የሚመለሰው ደም ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ሊረዝም፥ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ሊደርስ፥ በሁለት አቅጣጫ ሊታይና ልቡ በሚኰማተርበት ጊዜ ሁሉ ሊዘልቅ ይገባዋል። መለኪያው በ2023 ተሻሽሏል። እኛ በምናውቀው መንደር «የልብ በሽተኛ» የተባለች ልጅ ባል ለማግኘት ትቸገራለች፤ ስሙ ራሱ በሽታ ነው። በሌላ በኩል፥ ኢትዮጵያ ካለችባቸው 14 አገሮች የተሰበሰበውና በ2015 የታተመው ጥናት ካያቸው 3,343 ሕሙማን ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ። የጠበበ በር ያላት ሴት ስታረግዝ ደሟ ይጨምራል፥ የልቧም ምት ይፈጥናል፤ ያን ጊዜ ሳታውቀው የኖረችው በሽታ ሕይወቷን ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ ስሙን ፈርቶ አለማየትም ይጐዳል። እኛ ወደ ማየቱ እናዘነብላለን።

ያየነውን ምን እናድርገው ለሚለው፥ መልሱ የተገኘው ከኡጋንዳ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በኢኮ ብቻ በሽታው የተገኘባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፈሉ፤ እኵሌቶቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። በ2022 በታተመው ውጤት ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው የባሰባቸው መርፌ ካልተወጉት ከ100 8.2፥ ከተወጉት ግን 0.8 ብቻ ናቸው። ይህ ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ቦታው ጥቂት ነውና። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ብዙ ደክሞ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ግን ብዙ ነው። በ2015 የአፍሪካ ሊቃውንት ይህን በሽታ ስለ ማጥፋት የተስማሙበት መግለጫም የአዲስ አበባ ስም አለው። ስሙ የእኛ ከሆነ ሥራውም በእኛ ዘንድ ቢጀመር ያምርብን ነበር።

ስለ ደጋ ነገር አንድ ቃል ጨምረን እናልፋለን። በ2011 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራራ 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ ዐማሮችን በዶፕለር መርምሮ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከቈላዎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ጨንቻ እንደዚያ ከፍ አይልም፤ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ በደጋ የሚቈጥር ሰው ይህንን ማሰብ ይኖርበታል፤ የሚትራል በር ሕመምም ይህንኑ ግፊት ያሳድጋልና፥ አንዱን ከሌላው ለመለየት በሩን ራሱን ማየት ግድ ነው።

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ነው። ከጨንቻ እስከዚያ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚወርደው 1,400 ሜትር ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭጋጉና ጭቃው አብሮ ነው። ጓደኛችን የመርፌ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ በየ28 ቀኑ ይህን መንገድ ይመላለሳል። ቀዶ ሕክምና እስካሁን አላስፈለገውም። ሦስት ጊዜ መድኀኒቱ አልቋል ተብሎ ተመልሷል፤ ሦስቱንም ቀን ካርዱ ላይ በእርሳስ ጽፎታል።

በዚያን ቀን ከምርመራው ክፍል ስንወጣ እናቱ ቆም ብለው «ታናሽ እኅቱስ?» አሉን። እርስዋም ጉሮሮዋን ደጋግማ ታማ ነበር፤ እንጥሏም ተቈርጧል። ይህን ለሐኪሙ ነገርናቸው፤ «ትምጣ፥ እናያታለን» አሉ። አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ልጅቱ እስከ ዛሬ አልመጣችም። አሁን 12 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ደጋው ወጥተን ስንጠይቃቸው ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ አገኘናት። ወንድሟ ዳገቱ መካከል ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አልፋው ወጣች፤ አላረፈችም።